በቀኑ የመጣ ሁሉ የወር አበባ ነውን?

ልጄ 27 ዓመቷ ነው፤ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ «የታላቁ ሩጫን ካኔቴራ ለብሼ እስከ መጨረሻው ሳልራመድ እሮጣለሁ» ብላ ልምምድ ጀመረች። በሳምንት አምስት ቀን ከሥራ በፊት ትሮጣለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ሱሉልታ ትወጣለች፣ ማታ ማታ እንጀራ የሚባል ነገር አትነካም። በስምንት ወር ውስጥ 14 ኪሎ ቀነሰች። ያየ ሁሉ «አማረብሽ» ይላታል። እኔ ግን እናት ነኝና የፊቷ መገርጣት፣ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ ማለቷ፣ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ መቅረቱ አላማረኝም። በተናገርኩ ቁጥር የምትሰጠኝ መልስ አንድ ነበር፤ «እማዬ፣ የወር አበባዬ እኮ አንድ ቀን እንኳ ዝንፍ አይልም። ሰውነቴ ቢጎዳ ኖሮ እሱ ይቀር አልነበር?»

በትምህርቴ የሕግ ሰው ነኝ። ማስረጃ ከቀረበ በኋላ በስሜት መከራከር አልወድም፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። ማስረጃው የማያስረዳ መሆኑን ያወቅነው ከወራት በኋላ የእግር ሕመም ይዟት ሲመረመር ቅልጥሟ ላይ ስንጥቅ በተገኘ ጊዜ ነው። ወድቃ አይደለም፣ መኪና ገጭቷትም አይደለም። የአጥንት ሐኪሙ ወደ ማሕፀን ሐኪም ላኳት። የማሕፀን ሐኪሟ የወር አበባዋን ጠየቋት፤ «በቀኑ ይመጣል» አለች። ቀጥለው «የወሊድ መከላከያ ትወስጃለሽ?» አሏት። እንክብል እንደምትወስድ ነገረቻቸው። «እንግዲያው በየወሩ የምታዪው ደም የእንክብሉ እንጂ የአንቺ የወር አበባ አይደለም» አሏት።

ልጄ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። እኔም በሦስት ልጆች መካከል ዓመታት ሙሉ መከላከያ ስጠቀም ማንም ያልነገረኝ ነገር በመሆኑ፣ ከሐኪሞች ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። የሐኪም ምክርን አይተካም፤ ለሐኪም የሚቀርበውን ጥያቄ ግን ያስተካክል ይሆናል።

የተፈጥሮው ዑደት

መከላከያ የማትወስድ ሴት የወር አበባ የሚጀምረው ከማሕፀን ሳይሆን ከአንጎል ነው። አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል በየተወሰነ ደቂቃ ምልክት ይልካል። ምልክቱን የሚቀበለው ፒቱታሪ የተባለ ዕጢ የእንቁላል ማቀፊያዎችን የሚያዝዙ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ማቀፊያዎቹ ደግሞ እንቁላል ያጎለምሳሉ፤ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉትን ሆርሞኖችም ያመነጫሉ። የማሕፀን ግድግዳ በእነዚህ ሆርሞኖች ይወፍራል፤ ፅንስ ካልተፈጠረ ሆርሞኖቹ ይወርዱና ግድግዳው ይፈርሳል። የወር አበባ የምንለው ይህንን ነው። በአብዛኛው አዋቂ ሴት ላይ ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደጋገማል።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ሁኔታ በቀኑ የመጣ የወር አበባ ብዙ ነገር ይመሰክራል። አንጎል ምልክቱን ልኳል፣ ማቀፊያው ሠርቷል፣ ሰውነት በቂ ምግብ አግኝቷል ለማለት ጥሩ ፍንጭ ነው። የልጄ ክርክር መከላከያ ለማትወስድ ሴት ቢሆን ኖሮ ውድቅ የሚደረግ አልነበረም።

ጥፋቱ የሩጫው ነው ወይስ የጎደለው ምግብ?

ከባድ ስፖርት የሚሠሩ ሴቶች የወር አበባቸው ሊቀር እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። ምክንያቱ ግን ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሮዝ ፍሪሽ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ የሰውነት ስብ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሐሳቡም ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። በኋላ ላይ አን ላውክስ የተባሉ ሌላ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የስፖርቱንና የምግቡን ውጤት ለያይተው ፈተኑ። እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት የአንጎልን ምልክት የሚያዛባው የስፖርቱ ድካም ራሱ ሳይሆን ስፖርቱ የበላው ጉልበት በምግብ አለመተካቱ እንደሆነ አሳዩ።

ስሌቱ ቀላል ነው። በቀን ከተበላው ካሎሪ ላይ በስፖርት የተቃጠለው ይቀነሳል፤ የቀረው ከስብ ውጪ ላለው የሰውነት ክብደት ይካፈላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የላውክስ ጥናት ውጤቱ በኪሎ ከ30 ካሎሪ በታች ሲወርድ የአንጎል ምልክት በአምስት ቀን ውስጥ መዛባት እንደሚጀምር አሳይቷል። 45 አካባቢ ሲሆን ሰውነት ተመችቶታል ይባላል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች 30 የሚለው ቁጥር ለሁሉም ሴት እኩል የሚሠራ ወሰን እንዳልሆነ ቢያሳዩም መሠረቱ አልተናወጠም።

በምሳሌ እንየው። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት ከክብደቷ ሩብ ያህሉ ስብ ነው ብንል ከስብ ውጪ 41 ኪሎ ይቀራታል። በቀን 1,600 ካሎሪ በልታ 500ውን በሩጫ ብታቃጥል 1,100 ይተርፋታል። ለ41 ሲካፈል 27 ገደማ ነው። ይህቺ ሴት አልተራበችም፤ ሦስት ጊዜ በልታለች። ሰውነቷ ግን በጀቱ ጎድሎበታል። በጀት የጎደለበት ቤት መጀመሪያ የሚያቆመው ነገ ሊደረስበት የሚችለውን ነው፤ ሰውነትም መውለድን ለሌላ ጊዜ ያስተላልፋል። በእኛ አገር ደግሞ ዐቢይ ጾም የመሰለ 55 ቀን የሚዘልቅ ጾም አለ። ጾሙ በራሱ ጥፋተኛ አይደለም፤ እስከ ከሰዓት ምግብ ሳይቀመስ የጠዋቱ ሩጫ እንደነበረ ሲቀጥልና ማታ የሚበላው ሲያንስ ግን ጉድለቱ በፍጥነት ይከማቻል።

ይህ ማለት ስፖርት የወር አበባ ጠላት ነው ማለት እንዳልሆነ ይሰመርበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቂ እየበላች በዚህ መጠን የምትንቀሳቀስ ሴት የወር አበባዋ ይቀራል ተብሎ አይሰጋም፤ እንዲያውም አዘውትሮ መንቀሳቀስ የወር አበባ ሕመምን ያቀልላል።

እንክብሉ ምን ይደብቃል?

ሁለት ሆርሞን ያለው የተለመደው እንክብል የአንጎልን ምልክት ያስተኛዋል፤ እንቁላልም አይወጣም። በአብዛኛው እሽግ 21 ፍሬ ሆርሞን ያለው ሲሆን ቀሪዎቹ 7 ፍሬዎች ሆርሞን የሌላቸው፣ ብዙውን ጊዜም የብረት ማዕድን የያዙ ናቸው። ወደ ሰባቱ ስትደርስ ከውጭ ይገባ የነበረው ሆርሞን ይቋረጥና የማሕፀን ግድግዳ ይደማል። የሚታየው ደም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንክብሉን የሞከሩት ግሪጎሪ ፒንከስና ጆን ሮክ ይህን የደም ቀን ያስገቡት ነገሩ የተፈጥሮውን ዑደት እንዲመስል ነው። የእንግሊዝ የሥነ ተዋልዶ ጤና ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሰባት ቀኑ ዕረፍት የተለየ የጤና ጥቅም እንደሌለው ገልጿል። ስለዚህ ሐኪም አማክራ እንክብሉን ሳታቋርጥ የምትወስድና ደም የማታይ ሴት ቆሻሻ ደም በሆዷ አልተጠራቀመም። በየቤቱ የሚወራው ይህ ሥጋት መሠረት የለውም።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። እንክብል የምትወስድ ሴት ደሟ የሚመጣበትን ቀን የሚወስነው የእሽጉ አቆጣጠር ነው። 14 ኪሎ ብትቀንስም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ብትሮጥም፣ አንጎሏ ምልክት መላኩን ቢያቆም እንኳ ደሙ በቀኑ ሊመጣ ይችላል። በሌላ በኩል ደሙ ቢያንስ ወይም አንድ ወር ቢቀርም ጉዳት መድረሱን በራሱ አያረጋግጥም፤ እንክብሉ የማሕፀንን ግድግዳ ስስ ያደርገዋልና። በሁለቱም አቅጣጫ ደሙ ስለ ሰውነት አቅም የሚመሰክረው ነገር የለም ማለት ነው።

በእሽጉ መሐል የሚታይ ጠብታ ደም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሩጫው ሳይሆን የተዘለለ ፍሬ ነው።

መርፌና በክንድ የሚቀበረው

በአገራችን እጅግ ከተለመዱት መከላከያዎች አንዱ የሦስት ወሩ መርፌ ነው። መርፌው በመጀመሪያዎቹ ወራት ደምን ያዘበራርቃል፤ አንድ ዓመት ሲሞላ ግን ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ጨርሶ ደም አያዩም። ስለዚህ መርፌ እየተወጋች ስፖርት የጀመረች ሴት ደሟ ቢጠፋ የሩጫው ይሁን የመርፌው ከደሙ ብቻ መለየት አይቻልም። መርፌው ከቆመ በኋላም ለማርገዝ ከሌሎቹ ዘዴዎች የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ዐሥር ወር ገደማ መጠበቅ የተለመደ ነው። በዚህ መሐል «ሩጫው አመከነኝ» ብሎ መደናገጥ ያለ ጊዜው ነው።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ አንደኛው ዓይነት ኢምፕላኖን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት ወደ ገጠሩ ሳይቀር ተዳርሷል። የእሱም ጠባይ ደምን ማዘበራረቅ ነው። ለአንዷ ይበዛል፣ ለሌላዋ ይቆራረጣል፤ ከአምስት ሴቶች በአንዷ ገደማ ደግሞ ይጠፋል። ክብደት በመቀነስ የሚመጣ ለውጥ ቢኖርም በዚህ ግርግር ውስጥ ተደብቆ ያልፋል።

ሉፕ

ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። አንጎልንም ሆነ የእንቁላል ማቀፊያን አይነካም። ደሙን ያበዛው ወይም ቁርጠቱን ያብሰው ይሆናል እንጂ ዑደቱ የሴቲቱ የራሷ ነው። ሉፕ ያላት ሴት ክብደት ቀንሳ ወይም ስፖርት አብዝታ የወር አበባዋ ከራቀ ወይም ከጠፋ ነገሩ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። በመጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ይደረግ፤ ከዚያ የምግቡና የስፖርቱ ሒሳብ ይመርመር። ሆርሞን ያለው ሉፕ ግን ደምን ስለሚቀንስ፣ አንዳንዴም ስለሚያጠፋ በዚህ ሚዛን አይለካም።

ክብደት መቀነሻው እንክብሉን ሲያሰናክል

ኪሎ መቀነስ በራሱ እንክብልን አያዳክምም። የሚቀነስበት መንገድ ግን ሊያዳክመው ይችላል። እንክብሉ የሚሠራው አንጀት ሲቀበለው ነውና፣ ሆድ የሚያጥቡ «የማቅጠኛ ሻዮች» እና የማስቀመጫ መድኃኒቶች ከባድ ተቅማጥ ካስከተሉ መከላከያው ሊጓደል ይችላል። ከባድ ትውከት ወይም ተቅማጥ ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ ፍሬዎቹ እንደተዘለሉ ይቆጠራል። እንክብሉን መውሰድ ሳይቋረጥ፣ ሕመሙ ካቆመ በኋላ ሰባት ፍሬ በተከታታይ እስኪወሰድ ድረስ ኮንዶም መጨመር ያስፈልጋል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ የክብደት መቀነሻ መርፌዎች መጥተዋል። ከእነርሱ ቲርዜፓታይድ የተባለው የጨጓራን ሥራ ስለሚያዘገይ የሚዋጥ መከላከያን ሊያዳክም እንደሚችል አምራቹ ራሱ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ አስፍሯል። ሲጀመርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ተጨማሪ መከላከያ መጠቀም ወይም ወደማይዋጥ ዘዴ መዛወር ይመከራል። ጨጓራ ወይም አንጀት በቀዶ ሕክምና ያሳጠረች ሴትም በእንክብል ላይ ከመተማመኗ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ። ከስፖርቱ ጋር ባይያያዝም ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን እንክብልን በእጅጉ ያዳክማል፤ በሕክምና ላይ ያለች አንባቢ ትወቀው።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ውፍረት የበዛባቸውና የእንቁላል ማቀፊያቸው በአግባቡ የማይሠራ ሴቶች የወር አበባቸው ለወራት ሊጠፋ ይችላል። እነዚህ ሴቶች ከክብደታቸው ከመቶ 5 እስከ 10 ያህሉን ሲቀንሱ እንቁላል መውጣቱ ሊመለስ ይችላል። መልካም ዜና ነው፤ ሆኖም «እኔ አልወልድም» ብላ መከላከያ የተወችው ሴት ስፖርት በጀመረች በወራት ውስጥ ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች።

ሂሳቡ የሚወራረደው ከአጥንት ነው

ኤስትሮጅን የአጥንት ጠባቂ ነው። የአጥንት ጥንካሬ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነውና በዚያ ዕድሜ የጎደለው ቆይቶ ለመሙላት አስቸጋሪ ነው። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ሰነድ የጉልበት ጉድለት የወር አበባን ብቻ ሳይሆን አጥንትን፣ ልብን፣ በሽታ የመከላከል አቅምንና ስሜትንም እንደሚጎዳ አመልክተዋል፤ በ2018 እና በ2023 አሻሽለውታል።

«እንክብሉ ውስጥ ኤስትሮጅን አለ አይደል? አጥንቷን ለምን አልጠበቀላትም?» ብዬ ሐኪሟን ጠይቄያቸው ነበር። በጎደለ ጉልበት ምክንያት የሚመጣን የአጥንት መሳሳት እንክብል እንደማይፈውስ ነገሩኝ። የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያም የጠፋን የወር አበባ ለመመለስ ወይም አጥንትን ለማጠንከር ብቻ ተብሎ እንክብል እንዳይሰጥ መክሯል፤ ደም እየታየ ችግሩ ይሸፈናልና። የሦስት ወሩ መርፌም በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንትን ጥግግት በመጠኑ እንደሚቀንስ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። መርፌው ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ18 እስከ 45 ዓመት ላሉ ሴቶች በዕድሜ ምክንያት አልከለከለውም። ነገር ግን ብዙ የምትሮጥ፣ ትንሽ የምትበላና መርፌ የምትወጋ ሴት ሦስቱን አንድ ላይ ለሐኪሟ ማስረዳት አለባት።

ታዲያ ምን እንመልከት?

ደሙ የማይመሰክር ከሆነ ሌሎች ምስክሮች ይጠሩ። እንቅልፍ የማይሽረው ድካም፣ ዘወትር ብርድ ብርድ ማለት፣ የፀጉር መነቃቀል፣ የሆድ ድርቀት፣ ብስጭት፣ ለፍቅር ግንኙነት ፍላጎት ማጣት፣ ልምምድ እየጨመረ ውጤት መቀነስ፣ በተለይም አንድ ቦታ ላይ ተለይቶ የሚሰማ የአጥንት ሕመም ከታየ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ስትሄዱም ሦስት ነገር ንገሩ፤ የትኛውን መከላከያ ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስዱ፣ ስንት ኪሎ በስንት ወር እንደቀነሳችሁ፣ መከላከያ ከመጀመራችሁ በፊት የወር አበባችሁ እንዴት እንደነበረ።

መከላከያ ሳይኖር የወር አበባ ሦስት ወር ከጠፋ መመርመር ያስፈልጋል። እንክብል ካቆመች ሴት ላይም በአብዛኛው በሦስት ወር ውስጥ ይመለሳል፤ ከዘገየ ምክንያቱ ይፈለግ። አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘንጋ። እንቁላል የሚወጣው ከወር አበባው በፊት ነውና የወር አበባ ሳይመለስ እርግዝና ሊከሰት ይችላል። የጠፋ የወር አበባ መከላከያ አይደለም። በራስ ፈቃድ መከላከያ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ከባለሙያ ጋር ሌላ ዘዴ መርጦ መቀየር ይቻላል።

ልጄ እንክብሉን ከሐኪሟ ጋር ተማክራ አቆመችና በኮንዶም ተካችው። አራት ወር ሙሉ ምንም አልመጣም፤ ተደብቆ የነበረው ያኔ ታየ። ሩጫውን ለጊዜው አቁማ፣ ማታ እንጀራዋን መብላት ጀመረች። አራት ኪሎ ጨመረች። በሰባተኛው ወር የራሷ የወር አበባ መጣ። ዛሬ በሳምንት ሦስት ቀን ትሮጣለች።

ሕጉስ ምን ይላል?

የሙያዬ ነገር ሆኖ ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ ያስቀጣ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ደግሞ ሴቶች ጤንነታቸውን የሚያስጠብቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከመቅጣት ወደ መብት የተደረገው ጉዞ ቀላል አይደለም። ሆኖም ድንጋጌው «መከላከያ» ብቻ ብሎ አላቆመም፤ ትምህርትና መረጃ ብሏል። እንክብሉን ከመስኮት አቀብሎ «በቀኑ ዋጪ» ማለት የመብቱን ግማሽ መስጠት ነው። «ከእንግዲህ የምታዪው ደም ስለ ጤናሽ አይነግርሽምና ሌላውን ምልክት ተመልከቺ» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም። ልጄ ያቺን ዓረፍተ ነገር የሰማችው አጥንቷ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። እናንተ ለልጆቻችሁ፣ ለእህቶቻችሁና ለሥራ ባልደረቦቻችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።